ፀሀይ ሳትወጣ

ፀጉር አስተካካዩ የእህቱን ስልክ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ነበር ወደ ፖሊስ ጣቢያው ያመጣው። የታመመ ጫጩት የያዘ ይመስል በሁለት እጁ አቅፎ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ተቀመጥ ሳይባል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ትናንት ጠዋት ሲነሳ አልጋዋ ተነጥፏል፣ ትንሿ ሻንጣዋ የለችም፣ ስልኳ ፍራሹ ሥር ተወሽቋል። ቀኑን ሙሉ ጓደኞቿንም የሰፈሩንም ሰው ሲጠይቅ ውሎ፣ አድሮም ሲያጣት ነው ወደዚህ የመጣው።

«ይቺ ልጅ ስልኳን ትታ መታጠቢያ ቤት እንኳን አትገባም» አለ።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ኢንስፔክተር መዝገቡን ገለጠ። የጣቢያው ሰው ከጀርባው «ቆይማ» ነው የሚለው። ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር «ቆይማ» እያለ ስለሚያስቆም ነው። ሚስቱ እንደምትናገረው፣ የጋብቻ ውላቸውን ፈርም ተብሎ ብዕር ሲሰጠው እንኳን «ቆይማ፣ ላንብበው» ብሏል። እሱ ይህ የሚስቱ ፈጠራ ነው ይላል፤ እሷ ስታወራው ግን ፈገግ ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

«ቆይማ» አለ። «መቀሷስ?»

«የቱ መቀስ?»

«የምትሠራበት መቀስ። አለ ወይስ የለም?»

ፀጉር አስተካካዩ አሰበ። መቀሷም የለም፣ ሜትሯም የለም፣ የመርፌ ቆርቆሮዋም የለም። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። መቀሷን የያዘች ሰፊ ተጎትታ አልሄደችም፤ ሥራ አለ ተብላ፣ ተጠርታ፣ በገዛ እግሯ ነው የወጣችው። ይህ ደግሞ በእሱ ልምድ ከመጎተት የባሰ ነው። የጮኸ የለም፣ ያየ ጎረቤትም የለም።

ረዳቱ ሳጅን፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ቀልጣፋ ሴት፣ ስልኩን ከፎጣው ውስጥ አወጣች። የመክፈቻ ቁጥሩን ወንድምየው ያውቀዋል፤ የእሱ የልደት ቀን ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን የጎነጎነላትም፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሆኖ የቀረበላትም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰው አገር ልሂድ ስትለው «በሬሳዬ ላይ ተራምደሽ» ብሏት ተኳርፈው ነበር።

«በኩርፊያ ነው የሄደችው» አለ። «ደህና ሁኚ እንኳን ሳልላት።»

ስልኩ ውስጥ ያሉት መልእክቶች ብዙ ነበሩ። የላኪዋ ገጽ ላይ ሻሽ ያሰረች፣ ፊቷ ሞላ ያለ፣ የማንም እናት ልትሆን የምትችል ሴትዮ ፎቶ አለ። እያንዳንዱ መልእክት «የኔ ማር» ብሎ ስለሚጀምር ሳጅኗ እዚያው «እትዬ ማር» አለቻት፣ ስሙም ጸደቀ።

«የኔ ማር ስራው ቀላል ነው:: አሰሪዎችሽ ጥሩ ሰዎች ናቸው:: እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ::»

«የኔ ማር ለወንድምሽ እንዳትነግሪው:: ስራ ስትጀምሪ ደውለሽ ታስደስቺዋለሽ::»

ኢንስፔክተሩ ይህን ሁለተኛውን ሲያነብ ጥርሱን ነከሰ፤ ለፀጉር አስተካካዩም አላሳየውም። ወደ መጨረሻው ላይ ቀጠሮ ተሰጥቷታል፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ፣ አንድ የፊት መብራቱ የተሰበረ ነጭ ሚኒባስ። በዋዜማው ግን ሌላ መልእክት ገብቷል። ፎቶው ያው ነው፣ ገጹ ግን አዲስ ነው።

«የኔ ማር፣ የበፊቱ ገጼ ተዘግቶብኛል። ሥራው እንዳለ ነው፤ መገናኛው ብቻ ተቀይሯል። ነገ ፀሀይ ሳትወጣ እንጨት መጋዘኑ በር ላይ ጠብቂኝ። ስልክሽን ቤት ተይው።»

እንዲህ ያሉ ደላሎች ገጻቸው ሲዘጋ በሌላ ብቅ ማለት ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተሩም ሳጅኗም ምንም ሳይመስላቸው አለፉት። ስህተታቸው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

*

ሹፌሩን ማግኘት አላስቸገረም። የተሰበረ መብራት ይዞ ከተማ ለከተማ የሚዞር ሰው መደበቅ አይሆንለትም። ቀጭን፣ መሐላ የሚቀናው ሰው ነው፤ የሚምልበት ነገር ሲያልቅበት በሚኒባሱ ጎማ ማለ። ልጅቷን እንዲያመጣ ታዝዞ እንደነበር አልካደም። መናኸሪያው ጋ ሄጃለሁ፣ ጠብቄያታለሁ፣ አልመጣችም አለ። መገናኛው እንጨት መጋዘኑ ጋ ተቀይሮ የለም ወይ ሲሉት፣ የማውቀው መናኸሪያውን ነው አለ። ደጋግመው ቢጠይቁትም ያው ነው መልሱ። ማንም አላመነውም።

ቅጣቱ እንዲቀልልኝ ብሎ ግን ወደ እትዬ ማር ቤት መራቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ግቢ ነው። ውስጥ፣ ፍራሽ በተደረደረበት ክፍል ሁለት ወጣት ሴቶች ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ ማር ወጥ ቤት ነበረች። ሁለቱ ልጆች በዚያው ቀን ለቤተሰቦቻቸው ተሰጡ፤ ጣቢያው ውስጥም ሁሉም እየመጣ የኢንስፔክተሩን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም። ሰፊዋ እዚያ አልነበረችም።

እትዬ ማር ድምጿ እውነትም ማር ነው። እጇ በካቴና ታስሮ እንኳን ኢንስፔክተሩን «የኔ ጌታ» ነው የምትለው። ልጅቷ ቀጠሮ አፍርሳ ቀረች፣ ነገሩ ሲሸተኝ ገጹን ዘጋሁት አለች።

«ቆይማ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ገጹን የዘጋሽው ከቀረች በኋላ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት ተዘግቶብሽ አዲስ ከፍተሽ አልነበረም?»

ሴትዮዋ ከልቧ ግራ ተጋባች። ሲዋሽ የኖረ ሰው እውነት ሲናገር ያስታውቃል፤ ቃል አያበዛም። «ሌላ ገጽ የለኝም» አለች ባጭሩ፤ የኔ ጌታም አላለችም።

ኢንስፔክተሩ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሹፌሩ እውነቱን ኖሯል። ልጅቷን ከእነዚህ ቀድሞ ሌላ ሰው ወስዷታል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደፈለጋት፣ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም። ከእትዬ ማር የባሰ ሰው እጅ ገብታ ይሆናል ብሎ ፈራ። ሚስቱ ስትደውል ሰላምታ ሳታስቀድም «ተገኘች?» አለችው። አልተገኘችም አላት።

ፍንጩን ያመጣችው ሳጅኗ ናት። በሰፊዋ ስልክ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አግኝታለች፤ ስትከፍተው ልጅቷ የአንድ ጥናት ተሳታፊ መሆኗን ይገልጻል። ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርሳቸው መልእክት ሁሉ ግልባጩ ለአጥኚዎቹ ይደርሳል።

«አለቃ» አለች፣ «ቀጠሮዋን ከእነ እትዬ ማር ሌላ የሚያውቅ ቢኖር እነዚህ ናቸው።»

*

የጥናቱ ቢሮ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «በመንግሥት በጀት የሚካሄድ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ በሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ውስጥ ያለውን ሚና የሚመረምር የጥናት ፕሮጀክት» ይላል፤ ደረጃውን ለወጣ ሰው በአንድ ትንፋሽ ማንበብ አይሞከርም። ይህን ሁሉ ስም የተሸከሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። የጥናቱ መሪ ዶክተሯ አለች። ከማተሚያ ቤት ጡረታ ወጥተው የመጡ፣ ቀይ ብዕር ከደረት ኪሳቸው የማይለይ አዛውንት አራሚ አሉ፤ «ንጉሡ» ነው የሚሏቸው፣ ለምን እንደሆነ ኢንስፔክተሩ ያን ጊዜ አልጠየቀም። ሦስተኛዋ ከሰው አገር ተንገላተው የተመለሱ ሴቶች የሰጡትን ቃል ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የምትገለብጥ ወጣት ናት። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ሳይኖር ያያት ስለሌለ ስሟ «ጆሮ» ሆኖ ቀርቷል።

ዶክተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የተጨነቀች ሰው ነበረች። የጥናቱ ደንብ ማየት እንጂ መንካትን አይፈቅድም አለች። ተሳታፊን ካስጠነቀቁ ደላሎቹ አካሄዳቸውን ይቀይራሉ፣ የአንዷ ምሥጢር ከወጣም ሌሎቹ ዳግም አያምኗቸውም። የሰፊዋ ቀጠሮ ሲቆረጥ ግን ዝም ብላ አላየችም፤ ለበላይ ኮሚቴው አስቸኳይ ብላ ጽፋለች። መልሱም መጥቷል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል የሚል ነው።

«ስብሰባው መቼ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ነገ።»

ዶክተሯ ይህን ብላ ጠረጴዛዋን እንጂ እሱን አላየችም። ልጅቷ በጠፋችበት ጠዋት ሌላ ከተማ ጉባኤ ላይ ነበረች፤ ሲጣራ እውነት ሆነ። አራሚው በዚያው ጠዋት ከንጋት ጀምሮ ዐይን ክሊኒክ ተራ ይዘው ነበር። ስለ ጆሮ ደግሞ የሕንፃው ዘበኛ ሥራ ሲጀመር ጠረጴዛዋ ላይ እንደነበረች ተናገረ። ልጅቷን የወሰደ ሰው ወደ ሩቅ ነው የወሰዳት፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ተመልሶ ሊደርስ አይችልም ብሎ ስላሰበ፣ ኢንስፔክተሩ የጆሮን ጉዳይ እዚያው ተወው።

እሷን ሲያነጋግራት ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ ለጥያቄዎቹ ሁሉ አጫጭር መልስ ሰጠች። ሊወጣ ሲል ግን «ወንድሟ እንዴት ሆነ?» አለችው። ከሦስቱ ይህን የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ምግብ እንደማይቀምስ ሲነግራት ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ኢንስፔክተሩ በልቡ ወደዳት።

የምሳ ሰዓት ደርሶ ጆሮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ኢንስፔክተሩ በአራሚው ክፍል በኩል ሲያልፍ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ማንኪያ አለ፤ አንዱ አልተነካም።

*

ጣቢያ ሲመለስ መልእክቶቹን በወረቀት አሳትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የእትዬ ማርን በግራ፣ ያን የመጨረሻውን በቀኝ አደረገ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ትምህርት ቤት እያለ በፊደል የተነሳ ብዙ ጊዜ ጆሮውን ተቆንጥጧል፤ ያ ቁንጥጫ ዕድሜ ልክ ሳይጠቅመው ቆይቶ ዛሬ ጠቀመው።

«ቆይማ» አለ ለራሱ። ሳጅኗን ጠራት። «ይቺ ሴትዮ ‹ስራ›ን በየትኛው ሰ ነው የምትጽፈው?»

ሳጅኗ አየች። «በእሳቱ ሰ። ሁሉም ላይ።»

«ይሄኛውስ?»

«በንጉሡ ሠ።» ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው። «አራት ነጥቡም ትክክለኛ አራት ነጥብ ነው። እሷ ሁለት ሁለት ነጥብ ነው የምትደረድረው። አለቃ፣ ዛሬ በስልክ ንጉሡ ሠን ፈልጎ የሚጽፍ ማን አለ?»

ይህን ስትል የሁለቱም ዐይን ተጋጠመ። የጥናቱ ቢሮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ «ውሃ ይቆጥቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ ሃ በቀይ ተሰርዞ ኃ ተደርጎበት ሳጅኗ አይታ ስትስቅ ነበር። ንጉሡ ለምን ንጉሡ እንደተባሉም አሁን ገባቸው።

አዛውንቱ ተጠርተው መጡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ስለ ፊደሉ ገና ሲያነሳባቸው አላስጨረሱትም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ። «የእሷን አነጋገር አስመስዬ ጻፍኩ። እንጨት መጋዘኑ ጋ ጠብቄ ወሰድኳት። ደህና ናት። እሰሩኝ።»

የት ወሰዷት ሲባሉ ዝም፤ ከማን ጋር ሲባሉ ዝም። ኢንስፔክተሩ ሰውየው እየዋሹ መሆናቸውን ያውቃል፤ ክሊኒኩ በዚያ ጠዋት ዐይናቸውን እንዳየ አረጋግጧል። ግን «ደህና ናት» ሲሉ አልዋሹም፤ ቢያንስ ከልባቸው አምነውበታል። ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለው። አሁን የቀረው እኚህ ሽማግሌ የሚሸፍኑት ማንን እንደሆነ ማወቅ ነው።

«እንግዲያው» አለ፣ ወረቀቱን ወደ እሳቸው እየገፋ፣ «ይህ የእርስዎ ጽሑፍ መሆኑን ከሥሩ ይፈርሙልኝ።»

ይህን ያለው ተንኮል አስቦ ይሁን ለወጉ ያህል፣ ሳጅኗ እስከ ዛሬ ትከራከራለች። አዛውንቱ ቀዩን ብዕራቸውን አወጡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ብዕሩ ወደ መፈርሚያው ወረደ። ቆመ። ተመልሶ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ እጃቸው እምቢ አላቸው፤ «ፀሀይ» የሚለው ላይ ሀን ከበቡና ከጎኑ ሐን ጻፉ፣ ቆንጆ አድርገው።

«ሐመሩ ሐ ነው እንጂ» አሉ ሳይታወቃቸው። «ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

አዛውንቱ የጻፉትን ፊደል አዩት፤ ያሉትንም ሰሙት። ብዕሩን ቀስ ብለው አስቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ኢንስፔክተሩ ቆይማ አላለም። ተነስቶ ውሃ ቀዳላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳቸው ተናገሩ። ጆሮ ቢሮው ስትገባ ከአሥር ቃል ሰባቱን የምትገድፍ ልጅ ነበረች። እሳቸው ናቸው አንድ በአንድ ያስተማሯት፤ ንጉሡ ሠ ገብቶላታል፣ ሐመሩ ሐ ግን እስከ ዛሬ አልሆነላትም። ልጅ የለኝም አሉ፣ እሷን ግን ልጄ ናት ብል ማን ይከለክለኛል። ምሳ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚበሉት። ሰፊዋ ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ ምሳዋን በዕቃ ቋጥራ ትወጣለች። እሳቸውም ሳትነግራቸው ገባቸው፣ ሳይጠይቋትም ዝም አሉ።

*

የጆሮ ቤት ከእንጨት መጋዘኑ በስተጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ኢንስፔክተሩ ልጅቷን በሐሳቡ ድንበር ሲያሻግራት ሰንብቶ፣ ከተገናኙበት በር እዚህ ድረስ መቶ እርምጃ እንኳን እንደማይሞላ ሲያይ በራሱ ተበሳጨ። ሳጅኗን አስከትሎ በሩን ሲያንኳኳ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ቁልፉ የተንጠለጠለው ከውስጥ በኩል ነው።

መስኮቱ ሥር አንዲት ወጣት መጋረጃ እየጠቀመች ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችውና መርፌዋን መጋረጃው ላይ ሰክታ ብድግ አለች።

«መጣችሁ?» አለች። «ሻንጣዬ ዝግጁ ነው።»

ኢንስፔክተሩ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነገር ሰምቷል፤ እንዲህ ልቡን ያራደው የለም። ፖሊስ መሆኑን፣ ወንድሟ እንደላከው ነገራት። አልገባትም። ይህ ተጓዦች የሚያርፉበት ቤት ነው ተብላለች፤ መኪናው ዘግይቷል፣ ዛሬ ነገ ይመጣል ተብላ ነው የምትጠብቀው። ቁጭ ከማለት ብላ መጋረጃውን ጀመረች፤ የአልጋ ልብሱንም ጨርሳዋለች።

ጆሮ ከሥራ መልስ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ ስትገባ ሦስቱን ተፋጠው አገኘቻቸው። አልሮጠችም፣ አልካደችም። ምሳ ዕቃዎቹን አስቀመጠችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያወራችው ለኢንስፔክተሩ ሳይሆን ለሰፊዋ ነው።

«ያለፈውን ዓመት ሙሉ የተመለሱ ሴቶችን ድምፅ ስሰማ ነው የከረምኩት» አለች። «ሁሉም ‹የኔ ማር አለችኝ› ብለው ነው የሚጀምሩት። ሲጨርሱ ምን እንደሚሉ አልነግርሽም። ከዚያ የአንቺ መልእክት መጣ። የአንቺ ገና መጀመሪያው ላይ ነበር። ዶክተሯ ጻፈች፣ ስብሰባ ይጠበቅ ተባለ። እኔ መጠበቅ አቃተኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሰፊዋ። «ውሸት ነው፣ አትሂጂ አትይኝም ነበር?»

«ወንድምሽ ብሎሽ የለ? ሰማሽው?»

የሰፊዋ ንዴት ግን አልበረደም። ሁለታችሁም ዋሻችሁኝ አለች፤ ያቺም አንቺም ያው ናችሁ። ሻንጣዋን አነሳች። ኢንስፔክተሩ ከበሩ ገለል አለላት፤ የሚከለክላት የለም። በዚህ መሃል ሳጅኗ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። እዚያ ቤት የተገኙት የሁለቱ ልጆች መልእክቶች ናቸው፤ ልጆቹ ፈቅደዋል። «የኔ ማር» ይላል፤ «እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ» ይላል። ቃል በቃል አንድ ነው፤ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» የሚለው ብቻ አንዷ ጋ «ለእናትሽ»፣ ሌላዋ ጋ «ለባልሽ» ሆኗል።

ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ለእኔ ብቻ መስሎኝ» አለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ጆሮ ልታቅፋት ተነስታ መሃል መንገድ ላይ ፈራች፤ እዚያው ቆመች።

ኢንስፔክተሩ ሁለቱም እስኪረጋጉ ጠበቀ። ከዚያ የማይወደውን የሥራውን ክፍል ሠራ። ሰውን አታልሎ ቤት ማስቀመጥ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሕግ የሚጠይቅበት ጉዳይ መሆኑን ለጆሮ ነገራት። እሷም አውቃለሁ አለች። ወደ ሰፊዋ ዞረ።

«ቃልሽን እንዳልሽው ነው የምጽፈው» አላት። «ከማንም አልደብቀውም፣ አልጨምርበትም። እዚህ ያቆየችሽ ከፈቃድሽ ውጪ ነው?»

ሰፊዋ ጆሮን አየቻት። ጆሮ ዐይኗን አልሸሸችም፤ እጆቿ ግን ቀሚሷን ጨምድደው ይዘዋል።

«ከፈቃዴ ውጪ ነው» አለች ሰፊዋ። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ፈቃዴማ መሄድ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ክስ ታቀርቢያለሽ ወይ አላት። ሰፊዋ ጭንቅላቷን ወዘወዘች። እንደውም አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ ወንድሟ ፊት ብቻዋን መቅረብ ፈርታለች፣ ጆሮ አብራት ትሂድላት። ኢንስፔክተሩ ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንደሚቀርብ፣ ይህች ቃልም ከላይ እንደምትቀመጥ ነገራቸው። ጆሮ ጣቢያ መምጣት አለባት፤ ግን ከዚያ በፊት ፀጉር ቤቱ መንገዳቸው ላይ ነው አለ። መንገዳቸው ላይ አልነበረም። ሳጅኗም መሪውን ወደዚያው አዞረች።

*

ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንድ ወፍራም ደንበኛ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ ተሸፍኖ ጋለል ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ በመስተዋቱ ውስጥ ነው ያያት። ዞር ብሎ፣ ምላጩ በእጁ እንዳለ፣ ደርቆ ቀረ።

«ጋሽዬ» አለች እህቱ።

ቀረብ አላለም። ቢነካት የምትጠፋበት ሳይመስለው አልቀረም፤ ከእግር እስከ ራሷ ደጋግሞ አያት። ኢንስፔክተሩ ምላጩን ከእጁ ላይ ቀስ አድርጎ ተቀበለውና መደርደሪያው ላይ አኖረው። አንድ ሰው ጠፍቶ ሲገኝ ቤተሰብ አይቶ እሷ ናት ማለት አለበት፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በተቻለው መጠን የፖሊስ ድምፅ አውጥቶ ጠየቀው።

«ይህቺ እህትህ ናት?»

እሱ አፉን ሳይከፍት ሰፊዋ ወደ ጆሮ ጠቆመችና የነበረችው እሷ ቤት መሆኑን፣ የወሰደቻት እሷ መሆኗን፣ ለምን እንደወሰደቻትም እየተደናቀፈች ነገረችው። ሁሉም እሱን አዩ። ደንበኛው እንኳን ከነአረፋው ከመቀመጫው ቀና አለ። ጆሮ እርግማንም ይሁን ጥፊ ልትቀበል ተዘጋጅታ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ወንድምየው ጆሮን አያት።

«ትበላ ነበር?» አላት።

ጆሮ ይህን አልጠበቀችም። «ትበላለች» አለች። «ግን ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነው የምትደረድረው። እኔ በልቼ ዕቃ አጥቤ ስመለስ እሷ ገና እየለቀመች ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ።

«እሷ ናት» አለ፤ እያለቀሰም እህቱን አቀፋት።